ደሴ ድምፅዋን የሰማችበት ዘመን፦ ስለ ከተማችን ሬዲዮ

ወጣት አባሎቻችን ደሴ የራሷ ሬዲዮ ጣቢያ ያልነበራት ጊዜ እንደነበረ ሲሰሙ ይገረማሉ። ለእነሱ የከተማው ጣቢያ እንደ ፒያሳና እንደ ሰኞ ገበያ ሁልጊዜ የነበረ ነገር ነው። ታላላቆቻችን ግን ሬዲዮ ማለት አዲስ አበባ የምትናገርበት፣ ደሴ የምትሰማበት ዕቃ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳሉ። በዚህ እትም ያን ዘመንና ከዚያ ወዲህ የመጣውን ለውጥ ልንጽፍ ወደድን። እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ነንና ታሪኩን ስናነሣ ወጪውን ማን ይሸፍን ነበር የሚለውንም ማንሣታችን አይቀርም።

ሬዲዮ በሀገራችን የተጀመረው በ1927 ዓ.ም. ከአቃቂ ጣቢያ ነው። ሥራው በደንብ ሳይለመድ የኢጣልያ ወረራ ደረሰ። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ እቴጌ መነን በዚሁ ሬዲዮ ለዓለም ሴቶች ንግግር አድርገው፣ ጦርነት እንዳይነሣ የዓለም እናቶች ድምፃቸውን እንዲያሰሙ ተማጽነዋል። ንግግሩን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። በሀገራችን ሬዲዮ ገና በጠዋቱ የሴት ድምፅ ለዚህን ያህል ከባድ ጉዳይ መዋሉን ብዙዎቻችን አናውቅም፤ በትምህርት ቤትም ሲነገረን አላስታወስንም።

ከነፃነት በኋላ ሬዲዮ ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገር ዘለቀ። ወሎ የደረሰው ግን በአጭር ሞገድ ነው። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ስለሚወርድ ተራራ አያግደውም፤ ሩቅ ይደርሳል። ጉዳቱ ድምፁ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ ማለቱና እንደ ንፋስ ማፏጨቱ ነው። ሬዲዮ ያለው ቤት በመንደሩ አንድ ወይም ሁለት ነበር። ዜና ሲደርስ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እናቶቻችን ሬዲዮ ከመክፈታቸው በፊት ድንጋዩን የሚቆጥቡበት ዘዴ ነበራቸው፤ ለዜና ይከፈታል፣ ለዘፈን ይዘጋል፣ አባወራው ከሌለ ደግሞ የሚዘጋው ለዜናው ነው።

አስመራና ሐረር የየራሳቸው ሥርጭት ነበራቸው። ደሴ አልነበራትም። ለአምባሰልና ለባቲ ቅኝት ስሙን የሰጠው ወሎ የራሱን ዜማ በሬዲዮ የሚሰማው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስለት ነበር። ይህስ ባልከፋ። የከፋው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ነው። ወሎ ሲራብ፣ ሰው ከየገጠሩ ተሰዶ በአውራ ጎዳናው ዳር ሲወድቅ፣ መንግሥት ጉዳዩን ሸሽጎት ነበር። ረሃቡን ዓለም በሰፊው ያወቀው በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ባሳየው ፊልም ነው። የኛን ችግር የውጭ ሰው ለውጭ ሰው ነገረው። በጊዜው ደሴ ጣቢያ ቢኖራት እውነቱ ይነገር ነበር ብለን አንምልም፤ የዚያ ዘመን ጣቢያ ሁሉ በመንግሥት እጅ ነበርና። ሆኖም ሐይቅና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን ለመናገር የሚያስችል አንድም ማይክሮፎን በአካባቢው አለመኖሩ ለሸሻጊው እንዳቀለለለት አንጠራጠርም።

በመንግሥት ያልተያዘ አንድ ትልቅ ጣቢያ ነበር፤ ብሥራተ ወንጌል። በ1955 ዓ.ም. በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ከስብከቱ ሌላ ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ እርሻ ያስተምር ነበር። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና ስሙም ሥራውም ተለወጠ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ሬዲዮ ለትምህርቱ አጋዥ ሆነ። ከመሥራች አባሎቻችን መካከል ፊርማቸውን በዚያ ዘመቻ የተማሩ አሉ፤ ዛሬ በቁጠባ ደብተራችን ላይ የሚፈርሙት በዚያው እጅ ነው።

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ሕጉ ተራ በተራ ተለወጠ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 178 የግል ሬዲዮ እንዲኖር በር ከፈተ። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥርጭት ጀመረ፤ እሱም የመንግሥት ነው። ከግል ጣቢያዎች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሲሆን አየር ላይ የዋለው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ፣ በ"ጨዋታ" ፕሮግራሟ የምናውቃት መዓዛ ብሩ፣ ሴት መሆኗን እዚህ ሳንጠቅስ አናልፍም። አዋጅ ወጥቶ የግል ጣቢያ እስኪሰማ ስምንት ዓመት ያህል አለፈ፤ የመጡትም አዲስ አበባ ላይ ነው። ነጋዴው ያለው፣ ማስታወቂያውም ያለው እዚያ ነዋ።

ወደ ደሴ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃን ደሴ ኤፍ ኤም 87.9ን፣ ፋና ደግሞ ኤፍ ኤም 96.0ን ከፈቱ። ሁለቱም ዋና መሥሪያ ቤታቸው ሌላ ከተማ ነው፤ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ። የከተማ ጣቢያ ስንል የከተማው ሰው ያቋቋመው ማለታችን አይደለም። ቢሆንም ልዩነቱ ወዲያው ታየ። የጠፋ መታወቂያ፣ የሞተ ሰው ቀብር፣ የውሃ መቋረጥ፣ የክትባት ቀን፣ ይህ ሁሉ በስማችንና በሰፈራችን ተጠርቶ ይነገር ጀመር። ሸዋ በር ወይም ቧንቧ ውሃ የሚለውን ስም በሬዲዮ መስማት ለታላላቆቻችን ትልቅ ነገር ነበር። በስልክ የሚገባ አድማጭ ደግሞ "ከኩታበር ነው የምደውለው" ሲል የኩታበር ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል።

ኤፍ ኤም ጥራት አለው፤ ጉልበት ግን የለውም። ሞገዱ እንደ ዓይን በቀጥታ ነው የሚሄድ፤ ተራራ ከመጣበት ይቆማል። እንደኛ ያለ አገር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጦሳ ሥር ያለ ሰው ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ ከጀርባ ባለ ሸለቆ ያለችው እህታችን ምንም አትሰማም። ስለዚህ የቅርብ ጣቢያ መጣ ሲባል ለከተማውና ለመንገድ ዳር ከተሞች ነው የመጣው፤ ሬዲዮን ከማንም በላይ የምትፈልገው ማንበብ የማትችለው የገጠር እናት ብዙ ጊዜ አሁንም የምትሰማው የሩቁን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጣቢያ ሠራተኛ፣ መብራት፣ መብራት ሲጠፋ ለጄነሬተር ናፍጣ፣ ለማሰራጫው መለዋወጫ ይፈልጋል። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። እነዚህ ወጪዎች አድማጭ ቢበዛም ቢያንስም አይቀንሱም። ገቢው ግን በከተማው ገበያ መጠን ነው። ደሴ ውስጥ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ሆቴል ቤቱ፣ የግል ኮሌጁ፣ ክሊኒኩ፣ የቤት ዕቃ መደብሩ ነው፤ እነሱም የሚያስነግሩት ለበዓልና ለምዝገባ ሰሞን ነው። የቀረውን ጉድለት የሚሞላው ወይ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ወይ ለአየር ሰዓት የሚከፍል የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ፕሮጀክት ነው። የአየር ሰዓት ገዝቶ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ግለሰብም አለ፤ እሱም ስፖንሰር ፍለጋ ይዞራል።

ከዚህ የሚመጣውን በጆሯችን እንሰማለን። ከፋይ ያለው ጉዳይ ሰዓት ያገኛል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ስለ ወሊድ ጤና የሚነገረውም ያልቃል፤ የወሊድ ጤና ችግር ግን አላለቀም። ስፖርት ስፖንሰር አያጣም። ስለ ቤት ሠራተኞች ደመወዝ ወይም ስለ ጉሊት ነጋዴዎች ቦታ የሚያወራ ፕሮግራም ስፖንሰር ሲያገኝ አልሰማንም። ይህን ስንል ጋዜጠኞቹን መውቀሳችን አይደለም፤ በጥቂት ደመወዝ ብዙ የሚሠሩ ልጆች ናቸው።

ገንዘብ ለቁም ነገር ሲውል ምን እንደሚሠራም አይተናል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በብሔራዊው ሬዲዮ የተላለፈው "የቀን ቅኝት" ድራማ 257 ክፍል ነበረው። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጋብቻ የሚያወራ ነበር። የድራማው ፍቅርተ የሰፈር ሰው እስክትመስል ድረስ ቡና ላይ ትወራ ነበር። እናት ከልጇ ጋር ደፍራ የማትጫወተውን ነገር በፍቅርተ ስም አንሥታ ተጫውታለች።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 533 የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚባል ሦስተኛ ዓይነት ጣቢያን በግልጽ ያውቅ ነበር፤ ለትርፍ የማይሠራ፣ ባለቤቱ የአካባቢው ሰው የሆነ። ጅማ ዩኒቨርሲቲና ዱራሜ ከተማ በዚህ መንገድ ጣቢያ አቋቁመዋል። ማቋቋሚያው ከለጋሽ ይገኛል፤ አስቸጋሪው ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ የሚመጣው የጥገና ወጪ ነው። የራስ አገዝ ቡድን ያቋቋመ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል።

ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ደሴ በጦርነቱ ተይዛ በነበረችበት ጊዜ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ነበር። የከተማው ጣቢያዎችም ዝም አሉ። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ተሰደዋል፤ የቀሩት ድንጋይ የሚበላ አሮጌ ሬዲዮ ያለው ቤት እየፈለጉ ማታ ማታ የሩቁን ጣቢያ ያዳምጡ ነበር። ዳቦ የት እንዳለ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያስኬድ የሚነግራቸው ግን አልነበረም፤ የሩቅ ጣቢያ ይህን አያውቅምና። ሥርጭቱ ዳግም የተሰማ ቀን ያለቀሱ እናቶች አሉን።

አሁን ደግሞ ሌላ ለውጥ ላይ ነን። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ማቅረብ ሲጀምር የማታው አድማጭ ሳሳ። ትንሿ የእጅ ስልክ የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካባት ሽቦው አንቴና ሆኖላት ሬዲዮ ትይዝ ነበር፤ በዘመናዊው ስልክ ብዙ ጊዜ ይህ ቀርቶ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተተክቷል፤ እነሱ ደግሞ የዳታ ገንዘብ ይጠይቃሉ። የሩቁም ድምፅ ቢሆን አስተማማኝ አይደለም፤ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ሥርጭት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በድንገት ተቋርጧል።

በዚህ ሁሉ መሀል ማኅበራችን ለመጪው በጀት ዓመት "የአየር ሰዓት" የሚል የወጪ መደብ በረቂቁ አስገብቷል። አንደኛው አማራጭ በገበያ ዋዜማ የሚነገር አጭር ማስታወቂያ ነው፤ ይረክሳል። ሁለተኛው አባላት ራሳቸው ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድርና ስለ ገበያ የሚናገሩበት በሳምንት የሩብ ሰዓት ፕሮግራም ነው። እኛ ሁለተኛውን እንደግፋለን፤ ገንዘቡ ግን ከብድር ፈንዱ እንዳይነካ ከለጋሾቻችን በተለየ ሒሳብ እንዲመጣ ጠይቀናል። የሁለቱም የዋጋ ማቅረቢያ ከረቂቁ ጋር ተያይዞ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል።