የታማሚዋ ቃል፦ ከታይንማውዝ እስከ ዊንጌት

የአዲስ አበባው ዊንጌት ሠፈር ስሙን ያገኘው በ1946 እ.ኤ.አ. በእንግሊዞች እገዛ ጉለሌ ላይ ከተከፈተው ከጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የሚዘክረው ከአርበኞቻችን ጋር ተሰልፎ በፋሺስት ጣሊያን ላይ የዘመተውን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ አብሯቸው የነበረውን የጦር መኮንን ነው። በዚያው አካባቢ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድሆች እንዲታከሙበት የተሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል። የጦር ጀግና ስም፣ የተማሪ ደብተርና የበሽተኛ ካርድ በአንድ ሠፈር ተጎራብተው ይኖራሉ። ጀግናውን እናስታውሳለን፤ ተማሪውን እንመርቃለን። ታማሚውን ግን «እግዜር ይማርህ» ብለን እናልፈዋለን እንጂ ከአልጋው ላይ ምን እንዳየና ምን እንደተማረ የመጠየቅ ልማዳችን ደካማ ነው። ይህን ልማድ ለመመርመር ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የሴት ሕመም በጽሑፋችን ውስጥ ጥንትም ነበረ። ገላውዴዎስ የተባለው መነኩሴ በ1672 እ.ኤ.አ. በግእዝ የጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ ስለተሰደደችውና በጣና ዙሪያ ማኅበራትን ስላቋቋመችው እናት ይተርካል። በ1642 ከማረፏ በፊት የደረሰባትንም ሕመም ይነግረናል። መጽሐፉ ትልቅ ሀብታችን ነው። ሆኖም በአልጋዋ ላይ ሳለች ያሰበችውን የምንሰማው በተከታዮቿ አንደበት ነው። በዚያ ዘመን የሴትን ሥቃይ ሌላ ሰው ይጽፍላት ነበር፤ ይህም በብዙ የዓለም ክፍል የተለመደ ነበር።

በእንግሊዝ ይህን ልማድ ከሰበሩት አንዷ ሃሪየት ማርቲኖ ናት። በ1802 ኖርዊች ከተማ፣ ከጨርቅ አምራች ቤተሰብ ተወለደች። ገና በወጣትነቷ መስማት ተሳናት፤ አባቷ ሞተው የቤተሰቡ ንግድ ሲከስርም በመርፌና በብዕር ራሷን ማስተዳደር ጀመረች። የኢኮኖሚን ትምህርት በአጫጭር ልብ ወለድ እያዋዛች በየወሩ በማሳተም ታዋቂ ሆነች። ከ1834 እስከ 1836 አሜሪካን ስትጎበኝ የባርነት ተቃዋሚዎችን በይፋ ደገፈች። ዲርብሩክ የተባለው ረጅም ልብ ወለዷ በ1839 ወጣ። በዚያው ዓመት በጣሊያን ጉዞ ላይ ሳለች ብርቱ የማኅፀን ሕመም ጣላትና ወደ ሀገሯ ተመልሳ ታይንማውዝ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ለአምስት ዓመት ያህል ከቤት ሳትወጣ ቆየች።

ብዙዎች ሥራዋ እዚያ ላይ አበቃ ብለው ባሰቡበት ወቅት፣ ሄይቲን ለነፃነት ያበቃውን የባሪያዎች ትግል ስለመራው ጥቁር መሪ፣ ስለ ቱሳን ሉቨርቱር ልብ ወለድ ጻፈች። መጽሐፉ በ1841 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ አዲስ አበባ ከፋሺስት እጅ ነፃ ከመውጣቷ ልክ መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከክፍሏ መውጣት የተሳናት ሴት በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎችን ነፃነት መረጠች። በ1844 ደግሞ ስሟን ሳትጠቅስ ስለ ሕመም ክፍል ሕይወት መጽሐፍ አወጣች። የታማሚ ክፍል ራሱን የቻለ ዓለም መሆኑን፣ በውስጡ ያለው ሰውም ከጠያቂዎቹ የማይሰማውን እውነት እንደሚያውቅ ተናገረች።

ዋጋ ግን ከፈለችበት። ሐኪሞች ያልፈወሷት ሕመም በሌላ ዓይነት ሕክምና እንደተሻላት ስትጽፍ ክርክር ተነሣ። ሐኪሟ የእኅቷ ባል ነበር፤ በ1845 የሰውነቷን ምሥጢር ዘርዝሮ በአደባባይ አሳተመ። ስለ ታመመ አካል መናገር የሚገባው ማን ነው? ታማሚዋ ወይስ መርማሪዋ? ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ስሙን እየለወጠ በየዘመኑ ተመልሷል። በ1855 ልቧ መታመሙ ሲነገራት ሞት የቀረበ መስሏት የሕይወት ታሪኳን በጥቂት ወራት ጽፋ ጨረሰች፤ ከዚያ በኋላ ግን 21 ዓመት ኖራ ለጋዜጣ ስለ ባርነትና ስለ ሴቶች መብት ስትጽፍ ቆየች። ያረፈችው በ1876 ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ሲልቪያ ፓንክረስት ማንቸስተር ውስጥ ተወለደች። ለሴቶች የመምረጥ መብት በመታገሏ በ1913 ታሰረች፤ ምግብ አልበላም ስትል በቱቦ በግድ መገቧት። ከእስር ስትወጣ የደረሰባትን ሁሉ በራሷ ቃል ጻፈች። ጤናዋ በዚያ መከራ ቢጎዳም ብዕሯ አልታጠፈም። አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ በወደቀችበት በ1936 እ.ኤ.አ. ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለ ጋዜጣ ጀምራ የወረራውን ግፍ ለዓለም ስታሰማ ለሃያ ዓመት ዘለቀች። እኛም በዚያ ዘመን የራሳችን ጸሐፊት ነበረችን፤ ስንዱ ገብሩ በጣሊያን ደሴት በአዚናራ ታስራ ኖራ፣ በ1942 ዓ.ም. የልቤ መጽሐፍን በስሟ አሳተመች።

ሲልቪያ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ አሰባስባለች፤ ያ ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። በ1956 እ.ኤ.አ.፣ በ74 ዓመቷ፣ ከልጇ ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገብታ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውን መጽሔት ጀመረች። በ1960 ስታርፍ በመንግሥት ሥነ ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች። ሀገራችን ለዚህች ሴት ተገቢውን ክብር ሰጥታለች። ከሕይወቷ የሚገኘውን ትምህርት ግን ከመቃብሩ ጋር የተውነው ይመስለኛል። የተጎዳ አካል ያለው ሰው የሕዝብ ጉዳይ ተናጋሪ መሆን እንደሚችል በዓይናችን አይተን ነበር።

ትምህርቱ በሌላ መከራ ተመልሶ መጣ። ኤች አይ ቪ ቤተሰብን ሲበትን ብዙዎች ከዊንጌት በላይ በተዘረጋው በእንጦጦ ጠበል ተጠልለው ፈውስ ሲለምኑ፣ ሌሎች ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ተደብቀው ሞቱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን የምንተርት ሰዎች፣ በሽታውን የገለጠውን ስናገል ኖረናል። ዝምታውን የሰበሩት ታማሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ተስፋ ጎህን በመሰሉ ማኅበራት ተሰባስበው በስማቸውና በፊታቸው ቆመው ሲናገሩ፣ የማርቲኖና የሲልቪያ ድፍረት በአማርኛ አንደበት ተሰማ።

ዛሬ ደግሞ የሕመማችን መልክ ተለውጧል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ካንሰርና የኩላሊት ሕመም ከሰው ጋር ለዓመታት ይኖራሉ፤ ለዓመታትም ያደክሙታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በሀገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በዚሁ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ወረፋ ከሚጠብቁት፣ ለኩላሊት እጥበት ከሚመላለሱት መካከል መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ እናቶችና ተማሪዎች አሉ። ያዩትንና ያሰቡትን ማን እየጻፈው ነው? የሕክምና ካርዱ የደም ግፊታቸውን መጠን ይመዘግባል፤ ሐሳባቸውን አይመዘግብም።

ማርቲኖን ሥራ ላይ ያቆያት ብርታቷ ብቻ አልነበረም። የሚያሳትምላት አታሚ፣ ደብዳቤዋን የሚያደርስ ፖስታ፣ ቃሏን የሚጠብቅ አንባቢ ነበራት። እኛም ይህን መሥራት እንችላለን። ቤተ መጻሕፍቶቻችን የታማሚዎችን ማስታወሻ ይሰብስቡ፤ አሳታሚዎች በራቸውን ይክፈቱላቸው፤ የዊንጌት ተማሪዎችም በጎረቤት ሆስፒታላቸው ያሉትን ሰዎች ፈቃዳቸውን ጠይቀው ታሪካቸውን በቃላቸው ይመዝግቡ። እኛ የወለተ ጴጥሮስን ሕመም ከሌላ ሰው ብዕር ወረስን። ልጆቻችን የዘመናችንን ሕመም ከታማሚዎቹ ከራሳቸው እንዲወርሱ ማድረግ የዚህ ትውልድ ድርሻ ነው።