መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ሄድፎኖች፦ ድምፅና ምቾት፣ ከዉድበሪ አካባቢ ሲታዩ

መካከለኛ ዋጋ ያላቸው የሙዚቃ ሄድፎኖች የሚባሉት በአሜሪካ ገበያ ከ150 እስከ 500 ዶላር ገደማ የሚሸጡ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከቡና በአብዛኛው በሽቦ የሚሠሩ ማዳመጫዎች ናቸው። ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው የጀርመኖቹ ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 እና ኤችዲ 650፣ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 እና ዲቲ 990፣ እንዲሁም የቻይናው ሃይፋይማን ሰንዳራ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሲወዳደሩ ድምፅ ለብቻው፣ ምቾት ለብቻው ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምፁ ዋናው፣ ምቾቱ ደግሞ ምርቃት ይመስላል። ይህ አከፋፈል ከሄድፎን አሠራር ጋር አይሄድም። የስፒከር ድምፅ ከአድማጩ ርቆ ይፈጠራል፤ የሄድፎን ድምፅ ግን የሚያልቀው በጆሮ ትራሱ፣ በጆሮውና በራስ ቅሉ መካከል ባለችው ጠባብ አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ ራስ ላይ በደንብ ያልተቀመጠ ሄድፎን ድምፁ ራሱ ሌላ ነው።

ይህን ለመመርመር ዉድበሪ መጥፎ ቦታ አይደለችም። በሚኒሶታ፣ ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ በዋሽንግተን ካውንቲ የምትገኝ፣ በ2020 ቆጠራ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ75 ሺህ በላይ ሰው የኖረባት ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል የምትጎራበታት ሜፕልዉድ የስሪኤም ዋና መሥሪያ ቤት መቀመጫ ስትሆን፣ ኩባንያው በ1970ዎቹ መጨረሻ የሠራው ዲጂታል መቅረጫ በሚኒያፖሊሱ ሳውንድ 80 ስቱዲዮ ተሞክሯል። በ1978 በዚያ ስቱዲዮ የተቀረጸው የሴንት ፖል ቻምበር ኦርኬስትራ አልበም በ1980 ግራሚ ተሸልሟል። ሪቻርድ ሹልዝ በ1966 በሴንት ፖል የከፈተው ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ የተባለ የድምፅ መሣሪያ ሱቅም በ1983 ቤስት ባይ ተብሎ በኋላ አገር አቀፍ ሆነ። የቀረጻውም የሽያጩም ታሪክ እንግዲህ ከደጅ ነው።

የሳውንድ 80 ሕንፃ ዛሬ የኦርፊልድ ላብራቶሪስ ነው። በውስጡ ያለው ድምፅ የማይመልስ ክፍል በ2021 ከዜሮ በታች 24.9 ዴሲቤል ተለክቶ በጊነስ የዓለም ክብረ ወሰን ተመዝግቧል። ጥሩ ስፒከር እንዲህ ባለ ክፍል ሲለካ ሁሉንም ድምፅ፣ ከቤዝ እስከ ትሬብል፣ በእኩል ጉልበት ማውጣት አለበት። ሄድፎን በዚሁ መስፈርት ቢሠራ ግን ድምፁ የታፈነ ይመስላል፤ የጆሮ ቅጠልና የጆሮ ቱቦ በ3 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በተፈጥሯቸው ስለሚያጎሉ አእምሮም ያን ጉላት ይጠብቃል። በ2010ዎቹ በሃርማን ኩባንያ ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ የትኛውን ሄድፎን እንደሚሰሙ ያልተነገራቸውን አድማጮች ፈትነው፣ አብዛኛው ሰው የሚወደው ሄድፎን በተራ ሳሎን ውስጥ ያለ ጥሩ ስፒከር የሚሰጠውን የሚመስል እንደሆነ አሳዩ። ዬሩን ብሬባርት በ2017 ባሳተመው ጥናት ደግሞ 283 ሄድፎኖች ተነጻጽረው በዋጋቸውና በድምፅ ሚዛናቸው መካከል ዝምድና አልተገኘም። መካከለኛ ዋጋ የሚከፍል ሰው ከውድ ገዢ ያነሰ ድምፅ ያገኛል ማለት አይቻልም፤ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚገዛለት ሌላ ነገር ነው፤ የቁሱን ጥንካሬ፣ የትራሱን ጥራት፣ የቅስቱን (ራስ ላይ የሚያርፈውን ማያያዣ) አሠራር።

ምቾት ቁጥር የለውም የሚል ካለ መልሱ ስሪኤም በ2008 ከገዛው ከኤአሮ ኩባንያ ጋር ያገኘው የፔልተር የጆሮ መከላከያ ዘርፍ ውስጥ አለ። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መከላከያ ያደረገ ሠራተኛ ከስምንት ሰዓት ፈረቃው ግማሹን ቢያወልቀው፣ ጆሮው የሚቀበለው የድምፅ ጉልበት በግማሽ ብቻ ይቀንሳል፤ ያ ደግሞ 3 ዴሲቤል ነው። የሚያጣብቅ መከላከያ 30 ተብሎ ተሸጦ 3 ሆኖ ይቀራል። አሠራሩም ያው የሄድፎኑ ነው፤ ቅስቱ በጣም ከጨመቀ ያማል፣ ከላላ ድምፅ ያመልጣል፣ የመነጽር እግር በትራሱ ሥር ካለፈም ክፍተት ይፈጠራል። ጀርባው ዝግ በሆነ ሄድፎን በዚያ ክፍተት ቀድሞ የሚሾልከው ቤዙ ነው። መነጽር ያለው ሰው ጀርባው ዝግ የሆነው ዲቲ 770 ቤዙ ቀጭን ነው ቢል መነጽር የሌለውን ሰው ማስተባበሉ አይደለም፤ ሁለቱ የሰሙት ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ወደ ሞዴሎቹ ስንመጣ፣ በ1997 የወጣው ኤችዲ 600 260 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጀርባው ክፍት ነው፣ የሰው ድምፅን የሚያቀርብበት ለዛም እስካሁን ብዙ ተፎካካሪ አላገኘም። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ ጥልቁ ቤዝ ይሳሳበታል፣ አዲስ ሲሆንም ጉንጭና ጆሮ ላይ ጠበቅ ይላል። ኤችዲ 650 ትሬብሉ ትንሽ ለስለስ ያለ ወንድሙ ነው። ሰንዳራ በቤዝ ከሁለቱም ጠልቆ ይወርዳል፤ ሆኖም 372 ግራም ነው፣ የጆሮ ጽዋዎቹም ወደ ግራ ቀኝ ስለማይዞሩ ከጆሮ በታች መንጋጋ ጋ ሳይገጥም የሚቀርበት ሰው አለ። ዲቲ 990 በከፈይ መሰል ትራሱ ከሁሉም ገር ሲሆን በ8 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለው ጉላቱ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮ ያደክማል። ለቆዳ ምቾት፣ ለጆሮ ድካም በሚሰጥ ዕቃ ላይ ምቾት ለብቻ፣ ድምፅ ለብቻ ብሎ መመዘን ምን ያህል እንደሚያሳስት ይኸኛው ይበቃል። የኤችዲ 600ና 650 የኤሌክትሪክ መቋቋም 300 ኦም ስለሆነም ስልክ ላይ ተሰክተው አቅማቸውን አያወጡም፤ የትንሽ አምፕሊፋየር ዋጋ አብሮ መታሰብ አለበት።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሞዴሎቹን ልዩነት ከብዙ የሙከራ ዘፈን በተሻለ ያወጣዋል። የበገና ጅማት በእንዚራው፣ ማለትም ከጅማቱ ሥር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ምክንያት ይንዛረዛል፤ ዝቅተኛው ቃናና ከላይ የሚንሳፈፈው ንዝረት እኩል ካልተሰሙ መሣሪያው በገና መሆኑ ይጠፋል። የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን ቀረጻ በኤችዲ 600 ያዳመጠ ድምፁንና ንዝረቱን ተዋሕደው ያገኛቸዋል፤ በዲቲ 990 ንዝረቱ ይቀድማል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ አዲስ አበባ ላይ እነ አምሃ ሪከርድስ ያሳተሟቸው ዘፈኖች ሲሰሙም ትሬብል የበዛበት ሄድፎን የነሐስ መሣሪያዎቹን ሻካራ፣ የቴፑን ሹክሹክታ ጎልቶ የሚወጣ ያደርጋል። ከካሴት የተገለበጠ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ኤችዲ 650 የተሻለ ምርጫ ይመስላል።

ድምፁ ካልጣመ በኢኳላይዘር ይስተካከላል የሚለው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ እውነትም አለበት። የዲቲ 990ን ጉላት በስልክ መተግበሪያ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ የኤችዲ 600 ቤዝም በመጠኑ ይደገፋል። ግን ይህ የምቾትን ክብደት ያጎላዋል፤ በሶፍትዌር የሚታረመው ድምፁ እንጂ 372 ግራሙ አይደለም። በመነጽሩ ሥር የሚያመልጥ ቤዝም ሄድፎኑን ባወለቁትና በመለሱት ቁጥር ስለሚለዋወጥ አንድ ቋሚ እርማት አይበጀውም።

ሌላው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፦ የሶኒና የቦዝ ጩኸት አጥፊ ገመድ አልባዎች እያሉ ክፍት ጀርባ ማን ይፈልጋል? ከዉድበሪ በአይ 94 አውራ ጎዳና ወደ ሴንት ፖል በአውቶቡስ ለሚመላለስ ሰው ሙግቱ የገመድ አልባዎቹ ነው። የሞተር ጩኸት ሲቀንስ ሙዚቃው ዝቅ ብሎ ይከፈታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት ማዳመጥን የሚፈቅደው በ80 ዴሲቤል ነው። የሚኒሶታ ክረምት ግን ረጅም ነው፣ ምሽቱም ቤት ውስጥ ያልፋል። ጸጥ ባለ ክፍል ለሁለትና ሦስት ሰዓት ለሚቀመጥ አድማጭ ጆሮን የማያሞቅና የማይዘጋ ቀላል ሄድፎን ይመረጣል፤ ቡና እየፈላ ሰው በሚጫወትበት ሳሎን ግን ክፍት ጀርባ ወጉን ያስገባል፣ ሙዚቃውንም ለጎረቤት ወንበር ያሰማል፤ እዚያ ዲቲ 770 ይበልጣል። ለሁሉም የትራስ ጉዳይ ይቀራል፦ ስፖንጁ ተጨምቆ ሲሳሳ ጆሮው ወደ ድምፅ ማውጫው ስለሚቀርብ ድምፁ ይለወጣል። ያረጀን ኤችዲ 650 ከአዲስ ሰንዳራ ጋር የሚያወዳድር ሰው መጀመሪያ ትራሱን መቀየር አለበት፤ ሰንሃይዘርና ቤየርዳይናሚክ መለዋወጫውን ለብቻው ይሸጣሉ።