ውሻ በቀደደው፦ የነርሶች የጥሪ ተረኝነትና የሕግ ቀዳዳ

ለመሆኑ «ድንገተኛ» የሚባለው የቱ ነው? አውቶቡስ ተገልብጦ ቁስለኞች በአንድ ጊዜ ሆስፒታል ቢደርሱ፣ ወደ ቤቷ ልትሄድ የተነሣች ነርስ ተመልሳ ጓንቷን እንድታጠልቅ ብትጠየቅ የሚከራከር የለም። በየሳምንቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ፈረቃ የሚጎድለው የሰው ኃይልስ ድንገተኛ ነውን? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ የሁለት ዐሥርት ዓመታት ሙግት አስከትሏል። ብዙ ወገኖቻችን በነርስነት የሚያገለግሉበት አገር በመሆኑም ታሪኩ ከእኛ የራቀ አይደለም። (የአሜሪካው ታሪክ ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈለው ደነገገ እንጂ ለአዋቂ ሠራተኛ የሰዓት ጣሪያ አላበጀም። አሠሪው እስከ ከፈለ ድረስ ማስገደድ ይችላል ማለት ነው። በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ የነርሶችን ቁጥር ባሳነሱ ጊዜ፣ የግዳጅ ትርፍ ሰዓት ክፍተትን የመሙያ የዘወትር ዘዴ ሆነ። በ2000 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ የቅዱስ ቪንሰንት ሆስፒታል ነርሶች በዋናነት ይህንኑ ተቃውመው ለ49 ቀናት ሥራ አቆሙ፤ የግዳጅ ትርፍ ሰዓትን የሚገድብ ውል አስፈርመውም ተመለሱ።

ጉዳዩ የሠራተኛ ድካም ብቻ አልነበረም። አን ሮጀርስና ባልደረቦቻቸው በ2004 ያሳተሙት ጥናት 393 ነርሶች የመዘገቡትን የሥራ ውሎ መርምሮ፣ ፈረቃው 12 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ሲሆን ስሕተት የመፈጸም ዕድሉ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚደርስ አሳይቷል። ዕዳውን የሚከፍለው በሽተኛውም ጭምር ነው።

በምዕራብ ዳርቻ የምትገኘው የዋሽንግተን ግዛት በ2002 የነርሶችን የግዳጅ ትርፍ ሰዓት የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሆኖም ሕጉ አስቀድሞ መርሐ ግብር የወጣለትን የጥሪ ተረኝነት፣ ማለትም ቤት ሆኖ ጥሪ መጠበቅን፣ ከክልከላው ውጭ አደረገው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ «ትርፍ ሰዓት ቆዪ» ማለት ሲከለከል የነርሷን ስም በጥሪ መዝገብ ላይ አስፍሮ ለዘወትር ጉድለት መጥራት ግን በሕግ የተከፈተ በር ሆኖ ቀረ። ስሙ ተለወጠ፤ ግዴታው ግን ያው ነው።

ቀዳዳው የተደፈነው በ2019 ነው። አዲሱ ሕግ የጥሪ ተረኝነትን ለሥር የሰደደ ወይም አስቀድሞ ለሚታወቅ የሰው እጥረት መሙያ ማድረግን፣ እንዲሁም ትርፍ ሰዓት የሚያስከትል አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምና ቀጠሮ መያዝን ከለከለ። በክርክሩ ወቅት ትናንሽ የገጠር ሆስፒታሎች ከሕጉ እንዲወጡ የጠየቁት የምክር ቤት አባል ሞሪን ዋልሽ፣ የእነዚያ ሆስፒታሎች ነርሶች የቀኑን ብዙ ክፍል ካርታ ሲጫወቱ ሳይውሉ አይቀሩም ብለው ተናገሩ። ምላሹ ከየአቅጣጫው በፖስታ የጎረፈ የመጫወቻ ካርታ ሆነ፤ እርሳቸውም ይቅርታ ጠየቁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የግል ሆስፒታል ነርስ የሚተዳደርበት የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። ከሚፈቅድባቸው ምክንያቶች አንዱም ያለማቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የቀሩ ሠራተኞችን መተካት ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን «የቀረ» የሚለው ቃል ፈጽሞ ያልተቀጠረውንም እንዲያጠቃልል ተደርጎ ከተተረጐመ የዋሽንግተኑ ቀዳዳ እዚህም ተከፈተ ማለት ነው። ለአንድ ቀን የጎደለ ሰው ተተኪ ይሻል፤ ዓመቱን ሙሉ የጎደለ ግን ቅጥር ይሻል። ይህን ልዩነት የሚያውቀው ደግሞ የተረኞችን ዝርዝር የሚያዘጋጀው ክፍል ነው፤ «ድንገት ነው» ባለ ቁጥር ያለፈውን ወር ዝርዝር አውጣ ሊባል ይገባዋል።