ጉዝጓዙ ለማን ነው? የፈረስ ጋጣ ወለል አጭር ታሪክ

ልጄ ፈረስ መጋለብ የምትማረው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ የገጠር በረት ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ፈረሶቹ ሁሉ ሜዳ ተለቀዋል፤ ጋጣዎቹ ባዶ ናቸው፤ ሁለት ወጣቶች ጥቁር የጎማ ምንጣፍ እየጎተቱ ያስገባሉ። አንዱ ምንጣፍ ቁመቱ 6 ጫማ፣ ወርዱ 4 ጫማ፣ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ40 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አንድ ሰው ብቻውን ለማንሳት ይቸግረዋል። ጎንና ጎኑ 12 ጫማ የሆነውን አንድ ጋጣ ለመሸፈን ስድስት ይፈጃል። የበረቱ ባለቤት ደስ ብሏታል። «ከእንግዲህ ሰጋቱራ የምገዛው በግማሽ ይቀንሳል፤ ጽዳቱም ይቀላል» አለችን። ልጄ ቀና ብላ «ፈረሶቹስ ወደዱት?» ስትል ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሳቀች፤ መልስ ግን አልሰጠችም።

ጥያቄው እኔንም አልለቀቀኝም። የቆዩ ጽሑፎችን ሳገላብጥ ከርሜ የተረዳሁት፣ ፈረስ በምን ላይ ይደር የሚለው ክርክር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሆኑን ነው። በክርክሩ ወታደር ተናግሯል፣ ገበሬ ተናግሯል፣ ሐኪም ተናግሯል፣ ነጋዴም ተናግሯል። እምብዛም ያልተጠየቀው ሌሊቱን በዚያ ወለል ላይ የሚያሳልፈው ፈረሱ ራሱ ነው።

ከጥንቱ እንጀምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አቴናዊው ዜኖፎን ወታደርም ደራሲም ነበር። ስለ ፈረስ አያያዝ ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ ፈረስ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እግሩን እንዲያይ ይመክራል፤ መሠረቱ ያልጸና ቤት ላዩ ቢያምር እንደማይረባ ሁሉ፣ እግሩ ያልጠና የጦር ፈረስም እንዲሁ ነው ይላል። ከዚያ ወደ ጋጣው ይገባል። እርጥብና ልሙጥ ወለል በተፈጥሮው ጥሩ የሆነውን ኮቴ እንኳ ያበላሻል። ስለዚህ እርጥበቱ እንዲወርድ ወለሉ ተዳፋት ይሁን፤ ልሙጥነቱ እንዲቀር ደግሞ የኮቴ መጠን ያላቸው ድንጋዮች ጎን ለጎን ይቀበሩበት። ከጋጣው ውጭ፣ ፈረሱ በሚታሽበት ሥፍራም፣ አራት ወይም አምስት ጋሪ ሙሉ ድቡልቡል ድንጋይ እንዲፈስ ያዝዛል። እያንዳንዱ ድንጋይ ጭብጥ የሚሞላ ነው፤ እንዳይበታተኑም ዙሪያቸው በብረት ይታጠራል። ፈረሱ በዚያ ላይ ሲቆም በድንጋያማ መንገድ የሚሄድ ያህል እግሩ ይጠነክራል።

ይህ ምክር የጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ግን ምክንያት ነበረው። የዜኖፎን ፈረስ በሚስማር የሚመታ የብረት ጫማ አያውቅም። ኮቴው ካለቀ ጌታው በጦር ሜዳ እግረኛ ሆነ ማለት ነው። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በደጋው አገራችን ፈረስና በቅሎ ለዘመናት ያለ ብረት ጫማ ዳገቱን ወጥተዋል፣ ቁልቁለቱን ወርደዋል። ኮቴያቸውን ያጠነከረው ያው ድንጋዩ ነው።

ሮማውያንም በዚሁ መንገድ አሰቡ። በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ፣ ኮቴው እንዳይረጥብ የጋጣው ወለል በጠንካራ የኦክ እንጨት እንዲለበጥ፣ ካልሆነም መሬቱ በየጊዜው እየተጠረገ ጭድ እንዲጎዘጎዝበት ይመክራል። ጭዱን የፈለገው ከሁሉ በፊት ለኮቴው ድርቀት ነው።

ከዚህ ተነስተን ብዙ ዘመን ዘልለን ወደ 19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ እንምጣ፤ ምክንያቱም ፈረስ በብዛት ከተሜ የሆነው በዚያ ዘመን ነው። በከተማ ፈረስ ቀኑን ጋሪ ወይም ሠረገላ ይጎትታል፤ ሌሊቱን በጠባብ ጋጣ ታስሮ ያድራል። ሜዳ አያይም። ወለሉ ሸንተረር በወጣለት ጠንካራ ጡብ ወይም ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ኮብልስቶን በምንለው ዓይነት ድንጋይ ይነጠፋል። ሽንቱ ወደ ኋላ ወርዶ በቦይ እንዲሄድ ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ ይደረጋል። ወለሉ ቶሎ ይታጠባል፣ ለዓይንም ያምራል። ነገር ግን ፈረሱ ሌሊቱን ሙሉ አፋፍ ላይ እንደ ቆመ ሰው ይሆናል። የፊት እግሩ ጅማት እንደ ተወጠረ ያነጋል።

የጽዳቱ ነገርም ቢሆን ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ይብስ ነበር። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዊልያም ዩአት እ.ኤ.አ. በ1831 ስለ ፈረስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከተጠራቀመ ሽንትና ፋንድያ የሚነሳው አሞኒያ የፈረሱን ዓይንና ሳንባ እንደሚጎዳ አስጠንቅቋል። በሩ በተዘጋ በረት ማለዳ የገባ ሰው ዓይኑን የሚያቃጥለው ያ ሽታ ነው። ሰውየው ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይወጣል፤ ፈረሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሰው አድሯል።

ለንደን የምትኖሩ አንባቢያን ካምደን የሚገኘውን የስቴብልስ ገበያ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ልብስና ምግብ የሚሸጥባቸው የጡብ ቤቶች ያኔ ከባቡር የሚወርደውን ዕቃ የሚያጓጉዙ ፈረሶች ማደሪያ ነበሩ። ለተጎዱት ሆስፒታል ጭምር ተሠርቶላቸው ነበር። ቦታ ስለጠበበ ከተማዋ ውስጥ ፈረሶች በፎቅ ላይ በረት እስከ ማደር ደርሰዋል፤ የሚወጡትም በተዳፋት መንገድ ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ጭድ ውድ ነው። ስለዚህ በመቶ ዓመቱ መጨረሻ ከሆላንድና ከጀርመን ረግረግ የሚቆፈር፣ የበሰበሰ ሣርና ሥር የሆነ ፒት የሚባል ነገር ደርቆ በመርከብ ይመጣ ጀመር። ፒት ሽንቱን ይመጣል፣ ሽታውን ይይዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጭድ ይረክሳል። ለፈረሱም ልስላሴ አገኘለት። ለስላሳነቱ ግን የተመረጠበት ምክንያት ሳይሆን በአጋጣሚ የተገኘ ምርቃት ነበር።

አሁን ወደ ጎማው ደረስን። ቻርልስ ጉድይር ጎማን በሙቀትና በድኝ የማጠንከር ዘዴውን በአሜሪካ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። ያለ እሱ ዘዴ ጎማ በሙቀት ይቀልጣል፣ በብርድ ይሰነጠቃል። በ20ኛው መቶ ዓመት ሲሚንቶ የበረት ወለል ሲሆን ገበሬዎች አሮጌ የፋብሪካ ማጓጓዣ ቀበቶ እየቆረጡ ያነጥፉበት ነበር። ዛሬ ብዙው ምንጣፍ የሚሠራው ካረጀ የመኪና ጎማ ፍርፋሪ ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ከሲሚንቶ ይልቅ ለመገጣጠሚያ ይራራል፣ ብርዱን ያግዳል፣ ፈረሱ እየረገጠ መሬቱን እንዳይቦረቡረው ይከላከላል።

ጎማ ግን ሽንት አይመጥም። መጋጠሚያው ከተከፈተ ሽንቱ ከሥር ገብቶ ይጠራቀማል፤ ዩአት ያስጠነቀቀበት አሞኒያም ከታች ተደብቆ ይመለሳል። ሁለተኛው ችግር ደግሞ የልጄን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል።

ፈረስ ቆሞ እንደሚያንቀላፋ ሁሉም ያውቃል። እግሩን ሳይደክም የሚያስቆመው የጅማት አሠራር አለው። ሕልም የሚታይበት ጥልቁ እንቅልፍ ግን ቆሞ አይገኝም፤ ጡንቻው ሁሉ ስለሚላላ ፈረሱ የግድ መተኛት አለበት። በቀን የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ወለሉ ከጠነከረበት፣ ከረጠበበት ወይም ካንሸራተተው አይተኛም። ይህ ቀን በቀን ሲደራረብ፣ ቆሞ ሳለ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ጉልበቱ ይከዳውና በፊት እግሩ ይወድቃል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ፈረስ በወፍራም ጉዝጓዝ ላይ ከባዶ ጎማ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚተኛ አሳይተዋል። እንግዲህ «ምንጣፍ አለና ሰጋቱራውን ቀንሱ» የሚለው ሂሳብ የሚቆጥበው ገንዘብ ከፈረሱ እንቅልፍ ላይ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል።

እኛ ፈረስን ያከበርን ሕዝብ ነን። ነገሥታቶቻችንን በፈረስ ስማቸው ጠርተናል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያስተዳድረውን ሹም ባልደራስ ብለን ማዕረግ ሰጥተን፣ አዲስ አበባ ላይ ሠፈር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥም የፈረስ በረት ፍራሽ ለጎብኚ ይታያል። ስለ ኮርቻው፣ ስለ ግላሱ፣ ስለ ግልቢያው ብዙ ብለናል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ፈረሱ በምን ላይ እንዳደረ ግን እምብዛም አናወራም። ሆኖም ቃሉ አለን፤ ጉዝጓዝ። ለበዓል፣ ለቡና፣ ለምናከብረው እንግዳ እግር ሥር የምንጎዘጉዘው ለምለም ሣር ስሙ ይኸው ነው።

ስለዚህ ለጋጣ ወለል የሚመርጥ ሰው ከሥር ይጀምር። መሬቱ ይደልደል፣ ውኃ የሚያሳልፍ ጠጠር ተደርጎበት ይጠቅጠቅ። ጎማው ካለ ክፍተት ሳይኖረው ይገጣጠም። ከላይ ፈረሱ ጎኑን የሚያሳርፍበት ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ጠለቅ ብሎ ይጎዝጎዝ። ከዚያ ሰውየው ተንበርክኮ፣ የተኛ ፈረስ አፍንጫ በሚደርስበት ከፍታ ያሽትት። ዓይኑን ካቃጠለው ወለሉ አልሆነም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ይህንን ለባለቤቷ ስነግራት በትዕግሥት አዳመጠችኝ፤ ሂሳቡ ግን ሂሳብ ነው አለች። ያም ሆኖ ለልጄ አንድ ነገር አስተማረቻት፤ ሌሊት የተኛ ፈረስ ጠዋት ጎኑና ጋማው ላይ ፍቅፋቂ ይገኝበታል። አሁን ልጄ ገና ከመኪና እንደ ወረደች፣ ኮርቻ ከመጫኗ በፊት የፈረሷን ጋማ ትፈትሻለች። ሁለት ቅዳሜ ምንም አላገኘችም። በሦስተኛው ባለቤቷ ያን አንድ ጋጣ ተጨማሪ ከረጢት ሰጋቱራ አፍስሳበት አገኘናት።