ጭቃው እስኪሸት

እንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ነጭ በተቀባው ግድግዳ ላይ ነው። ከነጩ ቀለም ሥር ያለው ግን እንጨትና ጭቃ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት የተባሉት ሰው ያደሩበት ቤትና የባላገሩ ጎጆ በዚህ አይለያዩም።

ጭቃ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። የሚይዘው ጭድ ነው፤ የጤፍ ጭድ ከተገኘማ ሌላ አይፈለግም። ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ከአፈሩ ጋር ይዋሃዳል።

ምርጊት የሚያውቅ ሰው ታዲያ ጭዱን ዛሬ ነስንሶ ዛሬ አይመርግም። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ጭድ ተነስንሶበት፣ ውሃ ጠጥቶ ለቀናት ይቦካል። በእግር ይረገጣል፣ ይገላበጣል፣ ደግሞ ውሃ ይጨመርበታል። ከጥቂት ቀን በኋላ የሚመጣውን ሽታ ጭቃ ቤት ያደገ ሰው አይረሳውም። ጎረቤት አፍንጫውን ሲይዝ ባለሙያው «አሁን ደረሰ» ይላል። ጭዱ ሲበሰብስ የሚያወጣው አጣባቂ ነገር አፈሩን ያያይዘዋል፤ ማገሩ ላይ ሲለጠፍ አይንሸራተትም። ከእንጀራ ሊጥ ብዙም አይለይም፤ ሳይቦካ የተመረገ ቤት አፍለኛ ነው።

ወፍራሙ ምርጊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ስስ ልስን ይደረብበታል። እዚህ ላይ ጭዱ ይደቅቃል፣ እበትም ይገባል። የላም ሆድ ሣሩን ቀድሞ ስለፈጨው የእበቱ ደቃቅ ቃጫ ስንጥቁን ይሞላል፤ ውሃም ቶሎ አያሰርግም።

ጣና ዳር ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በመቅደሱ የጭቃ ግድግዳ ላይ የጥጥ ጨርቅ ተለጥፎ ሥዕል ይሣልበታል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ ቅዱሳኑን ቀና ብሎ የሚያይ ምእመን ከጀርባቸው ጭድ መኖሩን ልብ አይልም።

አሁን አሁን አሮጌ ጭቃ ቤት በሲሚንቶ መለሰን ተለምዷል። ባለቤቶቹ ቤቱን የሚያጠነክሩ ይመስላቸዋል። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል፤ ሲሚንቶው መውጫውን ሲዘጋበት ውሃው ከጀርባ ይጠራቀምና ልስኑ በትልልቁ እየተገነጠለ ይወድቃል። በሰፈራችሁ እንዲህ የወደቀበት ቤት ካለ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ከተገነጠለው ሲሚንቶ ጀርባ የድሮው ምርጊት ጭዱን እንደያዘ ነው።