ስለ አንድ በቀቀን ክንፍ

ሰው የወደደው ነገር ከእጁ እንዳያመልጠው ይፈራል። ይህም ፍርሃት ከፍቅር የተወለደ ስለ ሆነ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እናቱን ፍቅርን የሚጎዳት ይኸው ልጅዋ ነው። ይህን ያስተማረኝ አንድ አረንጓዴ ወፍ ነውና ታሪኩን ለእናንተ ለወጣቶች አንባቢዎቼ ልንገራችሁ።

ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ አንድ ወዳጄ የሚያሳድገውን በቀቀን ከነሽቦ ቤቱ ትቶልኝ ሄደ። ወፉ ሰውነቱ ሁሉ አረንጓዴ፣ ምንቃሩ ቀይ፣ ጅራቱ ረጅም፣ ባንገቱም ዙሪያ እንደ ማተብ ያለ ቀለበት ያለው ነው። ጥቂት ቀን ከለመደን በኋላ ከሽቦ ቤቱ እየወጣ በሳሎኑ ውስጥ መብረርና በልጄ ትከሻ ላይ ማረፍ ጀመረ። አንድ ቀን ግን እንግዳ መጥቶ በሩ ሲከፈት በርሮ ወጣና ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ላይ ዐረፈ። ብንጠራው፣ ብንለምነው፣ እህል ብናሳየው እምቢ አለ። ሲመሽ ርቦት በራሱ ጊዜ እስኪወርድ ድረስ ልጄ ስታለቅስ ዋለች።

በማግሥቱ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ መጡና «ይህ ምን ያስጨንቃችኋል? እኔ የስንቱን ዶሮ ክንፍ ቆርጫለሁ። መቀስ አምጡልኝና አሁኑኑ ልገላግላችሁ» አሉ። ልጄ መቀሱን ይዛ መጣች፤ ነገር ግን ከመስጠትዋ በፊት «አባዬ፣ ያመዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ «ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ሳምንት ይታገሡኝ» ብዬ ለመንኋቸውና መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ።

ባገላበጥሁም ጊዜ በቤቴ ያለው ወፍ ከብዙ መንግሥታት የረዘመ ታሪክ እንዳለው አገኘሁ። ዘመዶቹ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ሱዳንና ኢትዮጵያ ድረስ፣ እንዲሁም በሕንድ አገር በዱር ይኖራሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በፋርስ ንጉሥ ቤት ሐኪም የነበረው ግሪካዊው ክቴስያስ የሰው ቋንቋ ስለሚናገር የሕንድ ወፍ ጽፎአል። ከዚያም በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ79 ዓመተ ምሕረት ቬሱቪዮስ የተባለው ተራራ እሳት በተፋ ጊዜ የሞተው ሮማዊው ፕሊኒዮስ የበቀቀንን መልክ ሲገልጥ ሰውነቱ አረንጓዴ፣ ባንገቱም ላይ ቀይ ቀለበት ያለው መሆኑን ተናግሮአል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ቀና ብዬ ወደ ሽቦው ቤት ተመለከትሁ፤ የተጻፈለት ወፍ በፊቴ ተቀምጦ ነበርና። ደግሞም ይኸው ጸሐፊ ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮን የላካቸው መርማሪዎች ዓባይን ይዘው ወደ ሜሮዌ ሲወጡ በመንገዳቸው በቀቀኖችን እንዳዩ ጽፎአል።

ሮማውያን ይህን ወፍ ወደዱት፤ ነገር ግን እንዴት ወደዱት? ፕሊኒዮስ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው፣ ልዩ ልዩ ወፎችን በአንድ ቤት አጉሮ ማኖርን በብሩንዲስዩም ከተማ የጀመረው ማርቆስ ሌንዮስ ስትራቦ የተባለ ባለጸጋ መሆኑን ነው። ፕሊኒዮስም ይህን ሲጽፍ ተፈጥሮ ሰማይን የሰጠቻቸውን ፍጥረቶች ሰው ማሰር መጀመሩን ሳይወቅስ አላለፈም። ሁለተኛው፣ በቀቀን ጭንቅላቱ እንደ ምንቃሩ ጠንካራ ስለ ሆነ ንግግር ሲማር በብረት ዘንግ ይመታ የነበረ መሆኑ ነው። እኛ «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» እንላለን፤ ይህ ምስኪን ግን ካገሩ ወጥቶ እንደ ጌታው እንዲጮኽ በብረት ተቀጠቀጠ።

ለመሆኑ ብረቱ ያስፈልግ ነበርን? በአሜሪካ አገር አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት ሊቅ ሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓመተ ምሕረት አሌክስ የሚባል ግራጫ በቀቀን ገዝተው ለሠላሳ ዓመት ያህል አስተማሩት። ወፉ በ2007 እስኪሞት ድረስ አንድ መቶ የሚያህሉ ቃላት ዐውቆ፣ ቀለምን ከቀለም ለይቶ፣ እስከ ስድስት ቆጥሮ ተናግሮአል። ይህ ሁሉ የሆነው በዘንግ ሳይሆን በትዕግሥት፣ ፊት ለፊቱ በመነጋገርና በትክክል የመለሰውን በመስጠት ነው። እንግዲህ በሮማ ዘመን ዘንጉን ያነሣው እጅ የወፉን ድንቁርና ሳይሆን የመምህሩን ችኮላ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ወደ መቀሱ ነገር ተመለስሁ። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገራቸውም እውነት አለበት። አድጎ የጨረሰ ላባ እንደ ጥፍር ስለ ሆነ ሲቆረጥ አያምም፤ ወፉ ላባውን ሲቀይርም በዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አዲስ ይወጣለታል። የሚበርር ወፍ ከመስኮት መስተዋት ጋር ሊጋጭ፣ ከፈላ ድስት ውስጥ ሊወድቅ፣ ወይም እንደኛው በተከፈተ በር ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ገና በማደግ ላይ ያለ ለጋ ላባ ደም ስላለበት ቢቆረጥ ይደማል። ባንድ ወገን ብቻ ቢቆረጥ ወፉ ሚዛኑ ይጠፋበታል። ክንፉ ያጠረበት ወፍ የሚበርር መስሎት ሲዘል በደረቱ ሊወድቅና አጥንቱን ሊሰብር ይችላል፤ ድመት ስትመጣበትም የሚሸሽበት የለውም። ስለዚህ መቀሱ አንዱን አደጋ አስወግዶ ሌላውን ያመጣል።

ልቤን የነካው ግን በብራዚል አገር የሆነው ታሪክ ነው። የስፒክስ ማካው የሚባለው ሰማያዊ በቀቀን ሰዎች እያጠመዱ ስለ ሸጡትና ዛፎቹም ስለ ተመነጠሩበት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓመተ ምሕረት በዱር የተገኘው አንድ ወንድ ብቻ ነበር። ብቸኛ እንዳይቀር ብለው በሰው ቤት ትኖር የነበረች አንዲት ሴት መረጡለት፤ ነገር ግን ወዲያው ሊለቋት አልቻሉም። ሰፊ አጥር ውስጥ አግብተው ክንፍዋ እስኪጠና ድረስ ብዙ ወራት አስለመዷት። በ1995 ተለቅቃ ከወንዱ ጋር ተገናኘች፤ ከሰባት ሳምንት ያህል በኋላ ግን ጠፋች፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ መትቷት እንደ ሞተች ይነገራል። ወንዱም ከ2000 በኋላ አልታየም። በሰው እጅ ከተፈለፈሉት መካከል ስምንቱ እንደገና ወደ ዱር የተለቀቁት በ2022 ነው።

አስተውሉ! ያችን ወፍ ወና ያደረጋት መቀስ አይደለም፤ መታሰር ብቻውን ክንፍዋን አድክሞት ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ዐፈርሁ። እኔ መቀሱን እምቢ በማለቴ ራሴን ደግ አድርጌ ቈጥሬ ነበር፤ ነገር ግን ወፉ ካመለጠ ወዲህ አንድ ሳምንት ሙሉ የሽቦ ቤቱን በር ቆልፌበት ነበር። ላባውን ሳልነካ ክንፉን እየቆረጥሁ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ከልጄ ጋር ተማክረን ቆረጥን፤ የቆረጥነው ግን ክንፉን ሳይሆን ነገሩን ነው። በመስኮቶቹ ላይ የሽቦ ወንፊት አስመታን። ከበሩ በስተ ውስጥ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን። ምግብ በሚበስልበት ጊዜ የወጥ ቤቱ በር እንዲዘጋ ደነገግን። ልጄም በየቀኑ እያፏጨች ሲመጣላት የሱፍ ፍሬ ትሰጠው ጀመር። ሁለት ወር ፈጀ። በመካከሉ አንድ ጊዜ ከመስተዋት ጋር ተጋጭቶ ለብዙ ደቂቃ ፈዝዞ ስለ ነበረ «ጋሼ እውነታቸውን ይሆን?» ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ ዐደርሁ። በማግሥቱ በመስተዋቱ ላይ ስስ ጨርቅ ጋረድንበት።

ሽማግሌው በመጨረሻ መጥተው ወፉ በፉጨት ከሳሎኑ ጥግ ተነሥቶ በልጄ እጅ ላይ ሲያርፍ አዩና «የኔ መቀስ አንድ ደቂቃ ይበቃው ነበር» አሉኝ። «አዎን ጋሼ፣ የኛ ግን ሁለት ወር ፈጀ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ለዶሮዎቼም አጥሩን ከፍ ባደርገው ይሻል ይሆን?» ብለው ሣቁ።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፤ ነገ ታናሽ ወንድም፣ ተማሪ፣ ሠራተኛ ወይም ልጅ በእጃችሁ ይገባል። ያን ጊዜ «ለርሱ ብዬ ነው» የሚል መቀስ ወደ እጃችሁ ይመጣል። ከመቁረጣችሁ በፊት ይህ የማን ፍርሃት ነው፣ የርሱ ነው ወይስ የኔ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አጥሩን ማበጀትና መንገዱን ማስተማር ድካሙ የናንተ ነው፤ ክንፉን ብትቆርጡ ግን ድካሙን የሚሸከመው እርሱ ነው። ታላቅ ሰውም ድካሙን ለታናሹ የማያሸክም ነው።