ከደረስጌ እስከ ዐፄ ዳዊት አዳራሽ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ መንገዱ ረጅም ነውና ቀስ እያልን እንሄዳለን። ከጃናሞራ መካነ ብርሃን የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ከዚያም ቅጥቅጡ እያቃሰተ ቧሂትን ወጣ፣ ውርጩም መስኮቱን አለበሰው፣ ከዚያም ጭንቅ የሚባለው ቦታ ላይ ፀሐይ ወጥታ ጅብራውን ስታሞቀው ሁላችንም ጋቢያችንን ፈታ አደረግን። አጠገቤ የተቀመጡት ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደረስጌ ማርያም ማሕሌት የቆሙ፣ ያቺ ደጃች ውቤ ያሠሯት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡባት ደረስጌ። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር በሁለት እጃቸው ጠበቅ ያደርጉታል።

ደባርቅ ሻይ ጠጣን፣ ከዚያም ዳባትን አለፍን፣ ከዚያም የወገራን ሜዳ፣ ከዚያም ቁልቁል ወርደን ጎንደር ገባን።

የፋሲል ግቢ ዐሥራ ሁለት በሮች አሉት፤ አንዱ እምቢልታ በር ነው፣ የሙዚቀኞቹ በር። እኛ የመጣነው የዐፄ ዳዊትን አዳራሽ፣ የዘፈን ቤታቸውን ለማየት ነው። ዐፄ ዳዊት የአድያም ሰገድ ኢያሱ ልጅ ናቸው፤ ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. ነገሡ፣ ዜማና ጨዋታም ይወዱ ነበር፣ በዚህም ቤት መንፈሳዊውም ዓለማዊውም ሥርዓት ይካሄድ ነበር። ግን ወገኖቼ፣ እኚሁ ንጉሥ በሃይማኖት ክርክር የቅባትን ወገን ደግፈው ሲፈርዱ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት ተቃወሙ፣ እሳቸውም ወታደር ላኩባቸው፣ ብዙ መነኩሴም አለቀ። ብዙ ሳይቆይ ንጉሡም በመርዝ ሞቱ።

የኔታ ይህን ስለሚያውቁ ደፉ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ደም ያለበት ቤት ነው» አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ምን እላለሁ?

ከዚያም እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱና በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ያለውን ኖራ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አስጎብኚው ጎልማሳ ጠጋ ብሎ ነገራቸው፦ ጣሊያን ግቢውን በሲሚንቶና በአርማታ ጠግኖት ነበር፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስም የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ ግቢውን ጎዳው፣ ከዚያም በኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እየፈለፈሉ አውጥተው በኖራ መለሱት፣ በቅርብ ዓመታትም ግቢው እንደገና ታደሰ። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ይበላዋል፤ ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደረስጌም በኖራ የቆመች ናትና።

ከዚያም ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ መሃል ላይ ቆሙ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው በለሆሳስ በዕዝል ጀመሩ። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ አቋርጠው አዳመጡት፣ ከዚያም ከፍ አድርገው ቀጠሉ። ከውጭ ሲሯሯጡ የነበሩ ተማሪዎች በር ላይ ተኮለኮሉ።

እኔ የማምነውን ልንገራችሁ፤ ለዜማ የተሠራ ቤት የግድግዳው መታደስ ብቻ አይበቃውም። የጎንደር አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ይግባበት፣ ደብተራውም ከበሮውን ይዞ ይግባበት፤ ለእነዚያ መነኮሳትም በዚያው ቤት ጸሎት ይደረግላቸው። ይህን ለየኔታ ስነግራቸው ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። «ይህ ማንን ነው የሚመለከተው?» አሉት አስጎብኚውን። «የግቢውን ቢሮ ነው አባቴ» አላቸው። «እንግዲያው ምሳው ይቆየን፣ ቢሮውን አሳየን» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ።